ቫርና የሜዳ ዳኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ከስታዲየም ዙሪያ እስከ ፒያሳ ባሉት ዲኤስቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች ጎል ሲገባ ግማሹ ሰው ዘሎ ይነሳል፤ ግማሹ ‹‹ቆይ፣ ቫር አለ›› ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ ጥፋቱ ይመስላል እንጂ መነሻው ቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛው) ምን እንደሚፈቀድለትና ምን እንደማይፈቀድለት አለመታወቁ ነው። ከዚያ ክርክር ውስጥ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀምጠናል። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቫር ሰው ነው ወይስ መሣሪያ?

ሰው ነው። በሥራ ላይ ያለ ወይም በጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ ደንቡም የሚቆጥረው ልክ እንደ መስመር ዳኛው ከዋናው ዳኛ ረዳቶች አንዱ አድርጎ ነው። አጠገቡ ሌላ ረዳት ይቀመጣል፤ ቫሩ አንድን ድርጊት ወደኋላ መልሶ ሲያይ እሱ ቀጥታ የሚካሄደውን ጨዋታ ይከታተላል። ከካሜራዎቹ መካከል የተፈለገውን ምስል ፈልጎ የሚያወጣው ደግሞ የሪፕሌይ ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ግን የፍተሻው ፍጥነት ከዳኞቹ ይልቅ በእሱ እጅ ቅልጥፍና ላይ ይወድቃል።

ቫሩ ይመክራል፣ ዋናው ዳኛ ይወስናል። ‹‹ቫር ጎሉን ሻረው›› ማለት የለመድነው አነጋገር ነው እንጂ የደንቡ ቋንቋ አይደለም።

በምን በምን ጉዳይ ነው የሚገባው?

የእግር ኳስ ደንብ አውጪው አካል አይፋብ በመጋቢት 2018 ቫርን በጨዋታ ደንቡ ውስጥ ሲያካትት የፈቀደው በአራት ጉዳዮች ነው፦ ጎል ነው ወይስ አይደለም፣ ፍፁም ቅጣት ምት ነው ወይስ አይደለም፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ፣ እና ካርዱ ለማይገባው ተጫዋች ሲሰጥ። የመሐል ሜዳ ጥፋት፣ የእጅ ውርወራ፣ ተራ ቢጫ ካርድ በዚህ ውስጥ የሉም። በሁለተኛ ቢጫ የሚመጣ ቀይም በዚያ ዝርዝር አልነበረም፤ በካፌ ውስጥ ትልቁን ጩኸት የሚያስነሳው እሱ ነው። አይፋብ ደንቡን በየዓመቱ ስለሚያሻሽል አንድ ውድድር ከመጀመሩ በፊት የዚያን ዓመት ደንብ መመልከት ይጠቅማል።

እነዚህም ቢሆኑ በር አላቸው። ቫሩ የሚጠራው ‹‹ግልጽና የማያሻማ ስህተት›› ወይም ‹‹ዳኛው ያላየው ከባድ ድርጊት›› ሲኖር ብቻ ነው።

‹‹ግልጽና የማያሻማ›› ማለት ምን ማለት ነው? የሚለካውስ በምንድን ነው?

ቫሩ ራሱን የሚጠይቀው ‹‹ውሳኔው ትክክል ነበር?›› ብሎ አይደለም፤ ‹‹ውሳኔው በግልጽ ስህተት ነበር?›› ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ። ስድስት ጥሩ ዳኞች አንድን ግጭት አይተው ሦስቱ ፍፁም ቅጣት ምት፣ ሦስቱ ደግሞ ጨዋታ ይቀጥል ቢሉ፣ በሜዳ የተሰጠው ውሳኔ የትኛውም ቢሆን ይጸናል። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ተሰጥቶ የጸና ፔናሊቲ እሁድ ተመሳሳይ ግጭት ላይ ሳይሰጥ ቀርቶም ሊጸና ይችላል። ተመልካቹን የሚያናድደው ይኸው ነው፤ ሆኖም ቫሩ እንደ አዲስ ጨዋታውን ከቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ መዳኘት ቢጀምር ንዴቱ የሚብስ ይመስለናል።

ከዚህ መለኪያ ነፃ የሆኑ ጉዳዮች አሉ። ኦፍሳይድ፣ ጥፋቱ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ውስጥ ወይም ውጭ መሆኑ፣ ኳሱ ከሜዳ መውጣቱ የአስተያየት ነገር አይደሉም። እዚህ ላይ በአንድ ሴንቲ ሜትርም ቢሆን ስህተት ስህተት ነው፤ ዳኛው ወደ ስክሪን ሳይሄድ ከቫሩ በጆሮው ሰምቶ ይቀይራል።

አንድ ፍተሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ይሄዳል?

መጀመሪያ ዳኛው ይወስናል። ‹‹አልወሰንኩም፣ እናንተ እዩልኝ›› ማለት አይችልም፤ ደንቡ ሁልጊዜ ውሳኔ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ ጨዋታ እንዲቀጥል መፍቀድም ውሳኔ ነው። ሲወስን ያየውን በማይክሮፎኑ ይናገራል፦ ‹‹ተከላካዩ ኳሱን አስቀድሞ ነክቷል፣ እግር የተነካካው ከዚያ በኋላ ነው።›› ይህች አጭር ገለጻ ብዙ ትሠራለች። ቫሩ ምስሉን ሲያይ የሚያነጻጽረው ከዳኛው ገለጻ ጋር ነው፤ ተከላካዩ ኳሱን ጭራሽ ካልነካ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። ዳኛው ዝም ካለ ግን ቫሩ ምን አይቶ እንደወሰነ ስለማያውቅ ይገምታል፤ ከዚያ ሰዓቱ ይሄዳል።

ቫሩ በአራቱ ጉዳዮች ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ዝም ብሎ ያጣራል። ችግር ከሌለ ‹‹ተጣርቷል›› ይላል፣ ተመልካቹም አያውቀውም። ማጣራቱ ከረዘመ ዳኛው ጣቱን ጆሮው ላይ ያደርግና ጨዋታው እንዳይጀመር ይይዛል። ስህተት ከተገኘ በሁለት እጁ ጣቶች የቴሌቪዥን ቅርጽ ሠርቶ ያሳያል፤ ለአስተያየት ጉዳይ ከሆነ ወደ ሜዳው ዳር ስክሪን ይሮጣል። ተመልሶም ያንኑ ምልክት ደግሞ ያሳይና የመጨረሻውን ውሳኔ ይሰጣል።

ፍተሻው የጊዜ ገደብ የለውም። ደንቡ ከፍጥነት ይልቅ ትክክለኛነትን ያስቀድማል፤ የባከነው ደቂቃ በጭማሪ ሰዓት ይመለሳል።

ወደ ስክሪን የሄደ ዳኛ ለምን አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን ይቀይራል?

ምክንያቱም የተጠራው ቫሩ ስህተት አየሁ ካለ በኋላ ነው። ማጣራቱ ቀድሞ ስላለፈ፣ የሚቀርብለት ምስልም ስህተቱን የሚያሳየው ምስል ነው። ለአቋሙ የሚረዳውን ጥግ ካልጠየቀ ማንም አያመጣለትም።

ስለዚህ ስክሪኑ ፊት የቆመ ዳኛ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ምስሉን በመደበኛ ፍጥነት፣ ሰፋ ካለ ጥግ ይጠይቅ። ቀጥሎ መነካካቱ የት እንደሆነ ለማየት ምስሉ ይቁምለት። ከዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ ካሜራ ይጠይቅ፤ ከፊት ሲታይ ከባድ የሚመስል ግጭት ከጎን ሲታይ እግር ለእግር መነካካት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ በመደበኛ ፍጥነት አንድ ጊዜ ደግሞ ይየው። በአንድ የቆመ ምስል ብቻ ቀይ ካርድ የሚሰጥ ዳኛ የተመራ ዳኛ ነው፤ ቫሩ እጁን ይዞ ወስዶታል ማለት ነው።

አቋሙን ይዞ መመለስም መብቱ ነው። አልፎ አልፎ የሚታየው ይህ ሲሆን ካፌው ‹‹ታዲያ ለምን ሄደ?›› ይላል። የሄደው ሊያይ ነው።

ስሎው ሞሽን ለምን ያታልላል?

የቀዘቀዘ ምስል መነካካቱ የት እንደነበር፣ እጅ ኳሱን መንካቱን፣ ጥፋቱ ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን በደንብ ያሳያል። የማያሳየው ኃይሉን ነው። ግማሽ ሰከንድ የፈጀ ግጭት አምስት ሰከንድ ሲሆን ተጫዋቹ አስቦበት የረገጠ ይመስላል፤ እጁን ለማንሳት ጊዜ ያልነበረው ተከላካይም ሆን ብሎ የዘረጋ ይመስላል። ፕሮቶኮሉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ቦታን ለማወቅ ስሎው ሞሽን፣ የጥፋትን ክብደት ለመመዘን መደበኛ ፍጥነት። በቴሌቪዥን ደጋግሞ የሚታየን ግን ቀዝቃዛው ስለሆነ እኛም ፈርደን የምንነሳው በእሱ ነው።

የኦፍሳይድ መስመሩ እውነት እስከ ጣት ጫፍ ይለካል?

የሚሰመረው እስከዚያ ነው፤ የሚለካው ግን እንደዚያ አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። የተለመደው የስርጭት ካሜራ በሰከንድ 50 ምስል ያነሳል፤ በሁለት ምስሎች መካከል 0.02 ሰከንድ አለ። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ክፍተት 14 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ተከላካዩ በተቃራኒ አቅጣጫ በሰከንድ 5 ሜትር እየወጣ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ኳሱ የተመታበት ቅጽበት በሁለቱ ምስሎች መካከል ከወደቀ፣ በተመረጠው ምስል ብቻ 24 ሴንቲ ሜትር ድረስ ልዩነት ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ በሁለት ሴንቲ ሜትር ጎል መሻር ምን ያህል እንደሚያስተማምን አንባቢው ይፍረድ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ2021 መስመሮቹን አወፍሮ ጥርጣሬውን ለአጥቂ የሰጠው ለዚህ ነው።

ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ዘዴ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የመጣ ነው። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር የተተከሉ 12 ካሜራዎች የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር፤ ኳሱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልክ ስለነበር የተመታበት ቅጽበት በግምት አይመረጥም። በመክፈቻው ጨዋታ ኢኳዶር ኳታር ላይ በሦስተኛው ደቂቃ ያገባችው ጎል የተሻረው በዚህ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ወደዚህ ዘዴ የገባው በሚያዝያ 2025 ነው።

ለመለካት የሚያገለግለው ጎል ሊገባበት የሚችል የሰውነት ክፍል ብቻ ነው፤ ክንድ አይቆጠርም፣ ትከሻ ግን ይቆጠራል። የክንድ መጀመሪያ ከብብት ግርጌ ነው። እንዲሁም በስልክ ስክሪን ላይ ወይም በካፌው ቴሌቪዥን ላይ ጣት አስደግፎ መስመር ማስመር ዋጋ የለውም፤ ካሜራው በአንግል ስለቆመ ትክክለኛው መስመር ስክሪኑ ላይ ሰያፍ ሆኖ ነው የሚታየው። ማጨጃው ሣሩ ላይ የሚተወው ሰንበርም ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም።

መስመር ዳኛው ኦፍሳይድ መሆኑን እያየ ባንዲራውን ለምን ያዘገያል?

ታዝዞ ነው። ባንዲራ ተነስቶ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የገባ ኳስ ጎል ሊሆን አይችልም፤ ቫርም ሊያድነው አይችልም። ስለዚህ አጥቂው ወደ ግብ በግልጽ እየሄደ ከሆነና ኦፍሳይዱ አጠራጣሪ ከሆነ ረዳቱ ጥቃቱ እስኪያልቅ ይጠብቅና ከዚያ ያነሳል።

ትእዛዙ ግን ስለ አጠራጣሪው ነው። ሁለት ሜትር ያለፈ ተጫዋችን እያዩ መጠበቅ ያለ ትርጉም የሚያስሮጥ፣ ሲብስም የሚያስጎዳ ነው። በግንቦት 2025 የኖቲንግሃም ፎረስቱ አጥቂ ታይዎ አዎኒዪ ባንዲራው ዘግይቶ በተነሳበት ጥቃት ከግብ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ለሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና በቅቷል።

ዳኞች ቫርን ተደግፈው ሰንፈዋል የሚባለው እውነት ነው?

አደጋው አለ፤ የሚመጣበት መንገድም ይታወቃል። ዳኛው በክልል ውስጥ መያያዝ ያይና እርግጠኛ ስላልሆነ ‹‹ካለ ይጠሩኛል›› ብሎ ያልፋል። ቫሩ ምስሉን ያያል፤ መያያዝ አለ፣ ነገር ግን ዳኛው አይቶት ያለፈው መስሎት ‹‹ግልጽ ስህተት አይደለም›› ብሎ ይተወዋል። ሜዳው ክፍሉን ይጠብቃል፣ ክፍሉ ሜዳውን ያከብራል፤ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ቫር ባይኖር ኖሮ ያ ዳኛ ፊሽካውን ይነፋ ነበር።

መድኃኒቱ ቴክኖሎጂ አይደለም። ዳኛው ቫር የሌለ ይመስል መሮጥ፣ ጥሩ ጥግ መያዝና ማመን አለበት። ቁልፉ አቋቋም ነው፦ ከድርጊቱ ጀርባ ተሰልፎ የቆመ ዳኛ ሁለት ተጫዋቾችን እንደ አንድ ያያቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንዲታየው ወደ ጎን መውጣት ይኖርበታል። ከሩቅ ሆኖ ስክሪን የሚጠብቅ ዳኛ ስክሪኑ ጋ ሲደርስ እንኳ የሚያመዛዝነው የራሱ እይታ የለውም፤ የሚያየው የሌላ ሰው ምርጫ ብቻ ነው።

በመካከላቸው ያለው ንግግር ሲበላሽስ?

በመስከረም 30 ቀን 2023 የቶተንሃምና የሊቨርፑል ጨዋታ ይህን በደንብ ያሳያል። የሉዊስ ዲያዝ ጎል በሜዳ ላይ በኦፍሳይድ ተሽሮ ነበር፤ ቫሩ ግን ዳኛው ጎል የሰጠ መሰለው። መስመሩን አይቶ ኦፍሳይድ አለመሆኑን በትክክል አረጋገጠ፣ ከዚያም ‹‹ተጣርቷል›› አለ። ሜዳው ላይ ይህ የተሰማው ‹‹ኦፍሳይዱ ትክክል ነው›› ተብሎ ነው። ጨዋታው ተጀመረ፤ ስህተቱ ሲታወቅ ሰከንዶች አልፈው ስለነበር መመለስ አልተቻለም። ቶተንሃም 2 ለ 1 አሸነፈ። ምስሉ ልክ ነበር፣ መስመሩ ልክ ነበር፤ የጎደለው ‹‹የሜዳው ውሳኔ ምንድን ነው?›› የሚል አንድ ጥያቄ ነው። ቫሩ ፍተሻውን ሲጀምርም ሲጨርስም የሜዳውን ውሳኔ በቃል መድገም ያለበት ለዚህ ነው።

ጨዋታ እንደገና ከተጀመረ በኋላ ለምን መመለስ አይቻልም?

ደንቡ ከቫር በፊትም እንደዚያ ነበር። የተለዩት ጥቂት ናቸው፦ ካርድ ለተሳሳተ ሰው መሰጠት፣ እንዲሁም ቀይ የሚያሰጥ ድብደባ፣ ምራቅ መትፋት፣ መንከስ ወይም እጅግ አስነዋሪ ምልክት ወይም ንግግር።

ጨዋታው ሳይቆም ከቀጠለ ግን ወደኋላ መመለስ ይቻላል። በ2017ቱ የኔዘርላንድስ ሱፐር ካፕ ፌየኖርድ ጎል አግብቶ ሲጨፍር ዳኛው ወደ ስክሪን ሄደ፤ ጥቂት ቀደም ብሎ በሌላው ክልል ለቪተስ ፔናሊቲ ይገባ ነበርና የፌየኖርድ ጎል ተሽሮ ፔናሊቲው ተሰጠ። 2 ለ 0 ይሆናል የተባለው ጨዋታ 1 ለ 1 ሆነ። በሚያዝያ 2018 ደግሞ በጀርመን ሜይንዝ ከፍራይቡርግ ሲጫወቱ የመጀመሪያው አጋማሽ አልቆ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ገብተው ነበር፤ ዳኛው መልሶ አስወጥቷቸው ፔናሊቲው ተመታ።

ጥቃቱ ኦፍሳይድ ሆኖ ከተገኘ፣ በመሐል የተሰጠው ቢጫ ይሰረዛል?

በምን ምክንያት እንደተሰጠ ይወሰናል። ተስፋ ያለው ጥቃትን ወይም ግልጽ የጎል ዕድልን በማቋረጥ ብቻ የተሰጠ ካርድ ይሰረዛል፤ ጥቃቱ ራሱ አልነበረምና። ጥፋቱ በራሱ አደገኛ ወይም ግዴለሽ ከነበረ ካርዱ ይቆያል።

ተጫዋች የቴሌቪዥን ምልክት ለዳኛው ማሳየት ይችላል?

እየደጋገመ ካሳየ ቢጫ ካርድ ነው። ዳኛው ወደሚያይበት ስክሪን አካባቢ መግባትም ቢጫ ነው፤ ወደ ቫር ክፍል መግባት ቀይ ነው።

የጎል መስመር ቴክኖሎጂና ቫር አንድ ናቸው?

አይደሉም። የጎል መስመሩ ማሽን ነው፤ ኳሱ ሙሉ በሙሉ ካለፈ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የዳኛውን የእጅ ሰዓት ያንቀጠቅጣል። ማሽኑም ይሳሳታል፦ በሰኔ 2020 በአስቶን ቪላና በሼፊልድ ዩናይትድ ጨዋታ በረኛው ኳሱን ታቅፎ መስመሩን አለፈ፣ ሰዓቱ ግን ዝም አለ፤ ካሜራዎቹ በሰው ብዛት ተከልለው ነበር። ሁሉም ሰው በሰዓቱ ስለተማመነ ዳኛውም ቫሩም አልገቡበትም። ቫሩ መግባት ይችል ነበር።

ቫር ሲበላሽ ጨዋታው ይቋረጣል?

አይቋረጥም፣ ውጤቱም አይሰረዝም። ቫር ስለተበላሸ፣ ስለተሳሳተ ወይም ሳያይ ስላለፈ ጨዋታ ዋጋ አያጣም፤ ዳኞቹ ያለ ቫር ይጨርሱታል።

በአፍሪካ ይህን ሁሉም ሰው የተማረው በግንቦት 31 ቀን 2019 በቱኒዝያ፣ ራዴስ ነው። በካፍ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ የቱኒዝያው ኤስፔራንስ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ የሞሮኮው ዊዳድ ካዛብላንካ ጎል በኦፍሳይድ ተሻረ። የዊዳድ ተጫዋቾች ቫር ይታይልን አሉ፤ ቫሩ እንደማይሠራ ያወቁት ያኔ ነው። ለመጫወት ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩ፣ ጨዋታው ተቋረጠ፣ ጉዳዩም እስከ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በመጨረሻ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ጸና። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፦ መሣሪያው ሲቋረጥ ለሁለቱም አሰልጣኞችና አምበሎች ወዲያው ይነገር። ተጫዋች አለ ብሎ የሚተማመንበት ነገር እንደሌለ ጎል ከተሻረበት በኋላ መስማት የለበትም።

ኢትዮጵያውያን በቫር ውስጥ ያለፉት መቼ ነው?

የአፍሪካ ዋንጫ በ2019 ቫርን የተጠቀመው ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ነበር። በሁሉም ጨዋታ የዋለው በጥር 2022 በካሜሩን በተካሄደው ነው፤ ዋልያዎቹም ገና በመጀመሪያው ጨዋታቸው ቀመሱት። ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጫወቱ በ12ኛው ደቂቃ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ቫር ከታየ በኋላ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጨዋታው 1 ለ 0 በሆነ ሽንፈት አለቀ።

በዚያው ውድድር የሴኔጋልና የቡርኪና ፋሶን ግማሽ ፍጻሜ የመሩት ኢትዮጵያዊው ዳኛ ባምላክ ተሰማ ናቸው፤ በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ የዳኞች ዝርዝር ውስጥም ነበሩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፔናሊቲ ሰጥተው ሁለቱንም ከቫር በኋላ አንስተዋል። ሰዉ ‹‹ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ›› ያለውን ያህል የተገላቢጦሹም ይታይ፦ ሁለቱንም ጊዜ ያዩትን ወዲያው ወሰኑ፣ ሁለቱንም ጊዜ ምስሉ ሌላ ሲያሳያቸው ያለ እልህ ተመለሱ። ከአንደኛው በኋላ ሁለተኛውን ፈርተው አላለፉትም። ቫር ባለበት ጨዋታ ከዳኛ የሚፈለገው ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ቫር ለማስገባት ምን ያስፈልገዋል?

ቲቪ ላይ ጨዋታው መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ በሊጉ እስካሁን ቫር የለም። አንድ ውድድር ከፊፋ ፈቃድ ሳያገኝ ቪዲዮ ተጠቅሞ መወሰን አይችልም፤ ፈቃዱም ዳኞችና የሪፕሌይ ባለሙያዎች በክፍል፣ በሙከራ ጨዋታና ውጤቱ በማይቆጠርበት ልምምድ ሠልጥነው ሲያልፉ የሚገኝ ነው።

ከመሣሪያ በኩል የሚያስቸግረው ከሚታሰበው ይለያል። ካሜራዎቹ በሰዓት አንድ ላይ መቀናጀት አለባቸው፤ አንዱ ካሜራ በሁለት ምስል ከዘገየ የኦፍሳይድ መስመሩ ከንቱ ነው። ዋናው ካሜራ በቂ ከፍታ ያለው ቋሚ ቦታ ይፈልጋል፤ በእንጨት መሰላል ላይ የቆመ ካሜራ ንፋስ ባንቀሳቀሰው ቁጥር ልኬቱ ይበላሻል። የሜዳው የኖራ መስመር ቀጥ ያለ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሲስተሙ የሚለካው በእሱ ተመርኩዞ ነው፤ በክልሉ መስመር ላይ ያለ መጣመም ቀጥታ ወደ ኦፍሳይድ መስመሩ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያለችውን ክፍተት የሚሸፍን ባትሪ ከሌለ ኮምፒውተሮቹ እንደገና እስኪከፈቱ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

አንድ የሚያግዝ ነገር አለ። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ፣ ብዙ ጨዋታ በአንድ ሜዳ የሚካሄድበት አሠራር መከተሉ ለክለቦቹ ገቢ ባይበጅም ለቫር ግን ይመቻል፤ መሣሪያው በየሳምንቱ ሳይነቀል አንድ ቦታ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ከቫር ርካሽ የሆነ አማራጭ የለም?

አለ። ፊፋ በ2024 በሴቶች ከ20 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ኮሎምቢያ ላይ የሞከረው የቪዲዮ ድጋፍ ዘዴ አራትና አምስት ካሜራ ብቻ ላላቸው ውድድሮች የታሰበ ነው። በክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ቫር የለም። አሰልጣኙ ውሳኔ ካልተዋጠለት ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ በክብ ያዞርና ለአራተኛው ዳኛ የጥያቄ ካርድ ይሰጣል፤ ዋናው ዳኛ ስክሪኑን ራሱ ያያል። ለአንድ ቡድን በጨዋታ ሁለት ጥያቄ ይፈቀዳል፤ ውሳኔው ከተቀየረ ጥያቄው አይቆጠርበትም።

ለእኛ ሊግ የሚስማማው ይህ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ወጪው ብቻ አይደለም። ዳኛው ‹‹ክፍሉ ይጠራኛል›› ብሎ የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ ፊሽካውን ራሱ ይነፋል። አሰልጣኙም በየጥፋቱ ከመጮህ ይልቅ ሁለቷን ዕድል ቆጥቦ ለ85ኛው ደቂቃ ማቆየት ይማራል። ጉድለቱም ይታወቅ፦ ማንም ያላየውና ያልጠየቀው የድብቅ ምት ያልፋል፤ በጥቂት ካሜራ ጠባብ ኦፍሳይድ መለየትም አይቻልም።

ጃን ሜዳ ላይ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ለዳኛ ቢታይስ?

ዳኛው ማየት የለበትም። ቪዲዮው ከአንድ ጥግ፣ በአንድ ወገን ደጋፊ የተቀረጸ ነው፤ ሌላው ቡድን የራሱን ስልክ ይዞ ሲመጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። በስታዲየም ትልቅ ስክሪን ላይ በድንገት የታየ ሪፕሌይም ለውሳኔ አይውልም። ቫር በሌለበት ጨዋታ ዳኛው ሊጠቀምባቸው የሚችሉት ምስክሮች ሁለቱ ረዳቶቹና አራተኛው ዳኛ ናቸው። እርግጠኛ ካልሆነ ጨዋታው እንደገና ከመጀመሩ በፊት ወደ መስመር ዳኛው ሄዶ ‹‹አንተ ምን አየህ?›› ብሎ ይጠይቅ፤ የራሱን ግምት ሳይነግረው።